«ልጁስ?»፦ ለሳይንስ ፊክሽን ፊልም ሠሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የሳይንስ ፊክሽን ፊልሞችን ቀጣይ ክፍል ለምትወስኑ የስቱዲዮ ኃላፊዎች፣ አዘጋጆችና ጸሐፊዎች
ግልባጭ፦ ሳይንስ ፊክሽን በአማርኛ ለመሥራት ለምታስቡ ወጣቶች፣ ባላችሁበት
ጉዳዩ፦ ያለቀን ታሪክ ስለማፍረስ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህን ታሪክ አስተማሪያችን የነገረን ሦስተኛ ክፍል ሳለን ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰማይ የሆነ ነገር ሊመጣ ይችላል ብሎ ማመን አልከበደኝም። የእናንተ ፊልሞች ሲመጡ ተዘጋጅቼ ነው የጠበቅኋቸው።

የምጽፈው ልከሳችሁ አይደለም። ብዙ ደስታ ሰጥታችሁኛል። ግን ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። ስለ ቀጣይ ክፍሎቻችሁ ነው። የፊልሞቹን ዓመት እንደ ፈረንጆች፣ የራሴን ታሪክ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተማችን ውስጥ ቪዲዮ ቤቶች ነበሩ። አንድ ክፍል ነው። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ ከፊት ቴሌቪዥንና ዴክ አለ፣ መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል። በር ላይ የቆመው ልጅ 50 ሳንቲማችንን ይቀበላል። ውርጩ ሲበረታ ከቤታችን ይልቅ እዚያ ይሞቀን ነበር፤ ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ። እንግሊዝኛ አናውቅም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከፊት ተቀምጦ ጮክ ብሎ ይተረጉምልናል። ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። እስከ ዛሬ በቃሌ የያዝኳቸው አንዳንድ ንግግሮች የፊልሙ ይሁኑ የእሱ ለይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን «ተርሚኔተር» ያየነው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ማለቴ ነው። ከወደፊት የመጣ ማሽን ሳራ ኮነር የምትባል አስተናጋጅ ሊገድል ያሳድዳታል። ሊወለድ ያለው ልጇ የሰው ልጆችን በማሽኖቹ ላይ ስለሚያስነሳ ነው። አርኖልድ ሽዋርዘኔገር የማሽኑን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት እውነተኛ ማሽን ነው ብለን ነበር። ለሳምንት ያህል ማታ ማታ ሽንት ቤት ብቻዬን አልወጣሁም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለተኛው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራው። ያው የአርኖልድ ፊት ተመልሶ ሲመጣ ቪዲዮ ቤቱ ተናወጠ። ልጁ ጆን አሁን አሥር ዓመት ሞልቶታል። ማሽኑ ጽጌረዳ የያዘ ካርቶን ታቅፎ በኮሪደሩ ይመጣል። ከካርቶኑ ውስጥ ጠመንጃ ይወጣል። ሁላችንም «ሩጥ! ሩጥ!» እያልን ጮኽን። ከዚያ ማሽኑ ልጁን ጎንበስ በል ብሎ ከኋላው ባለው ፖሊስ ላይ ተኮሰ። ገዳዩ ፖሊሱ ነበር! አርኖልድ የመጣው ሊያድነው ነው! በዚያች ደቂቃ የነበረውን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ።

ካደግኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። አሜሪካ ውስጥ ይህን ምስጢር ማስታወቂያው ቀድሞ አውጥቶት ነበር። ጄምስ ካሜሩን ፊልሙን እስከዚያ ኮሪደር ድረስ ማን አዳኝ ማን ገዳይ እንደሆነ እንዳይታወቅ አድርጎ ሠርቶታል፤ የገበያ ሰዎቹ ግን አርኖልድ ጥሩው ነው ብለው በማስታወቂያ ነገሩ። ደብረ ብርሃን ማስታወቂያ አልደረሰም። እኛ ፊልሙን ያየነው እሱ እንዳሰበው ነው። ይህ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

መጨረሻው ላይ ማሽኑ ራሱ እንዲጠፋ ይጠይቃል። ማሽኖቹ ዳግም ሊሠሩበት የሚችሉት የመጨረሻው ዕቃ በገዛ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ልጁ አትሂድ ብሎ ያለቅሳል። ሳራ ቀስ እያደረገች ወደ ቀለጠው ብረት ታወርደዋለች። እጁ ብቻ ሲቀር አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል። ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በፊት ለአክተር ያለቀሰ ልጅ አላየሁም ነበር። ያን ቀን ሁሉም አለቀሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ክረምት ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋና መንዝ፣ አያቴ ዘንድ እላካለሁ። እማማ ነበር የምንላት። በፊልሙ ውስጥ ማሽኖቹ ኒውክሌር ለቀው 3 ቢሊዮን ሰው የሚጨርሱበት ቀን በግልጽ ተጠርቷል፤ ኦገስት 29 ቀን 1997። ተርጓሚያችን ይህን ወደ እኛ ቀን መልሶ ነግሮናል። ነሐሴ 23 ቀን 1989፣ ዓርብ። እርግጥ ፊልሙ ሲያልቅ ያ ቀን ቀርቷል። ማሽኑ የሞተው እንዲቀር ነው። እኔ ግን የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀርቷል ብባልም ቀኑ ሲደርስ ፈራሁ።

ያን ጠዋት መንዝን ጉም ውጦታል። እማማ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። በጎቹን አውጣ አለችኝ። አልወጣም አልኩ። ምን ሆነሃል ብትለኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ሁለቱንም ፊልም። ኩበቱ እስኪያልቅ ድረስ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከወደፊት መምጣት ይቻላል ወይ ብላ አልጠየቀችም። ብረት እንዴት ይናገራል አላለችም። ማሽኑ ወደ ቀለጠው ብረት የወረደበት ላይ ስደርስ እንዝርቷን አቆመች።

«ራሱ ነው ልቀቁኝ ያለው?»

«አዎ።»

«ስለ ልጁ ብሎ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ልጁስ?»

«ተረፈ።»

«እናቱስ?»

«እሷም ተረፈች።»

«እሰይ» አለች። እንዝርቷን መልሳ አሾረች። «በል አሁን በጎቹን አውጣ።»

አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተገለጠ፣ ፀሐይ ወጣች። ምንም ነገር አልመጣም። ማታ የገብስ ቆሎ እየበላን በጣም ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ፊልሙ ቃሉን ጠበቀልኝ። ቀኑ ይቀራል ብሎ ነበር፣ ቀረ።

እማማ ለምን እንደዚያ አድርጋ እንደጠየቀችኝ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ታላቁ አጎቴ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር። ወደ ሰሜን ሄደ። አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። ስለዚህ እማማ ማንኛውም ታሪክ ሲነገራት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ ተርፏል ወይስ አልተረፈም? ከዚያ ወዲያ መንዝ በሄድኩ ቁጥር ስለ ጆን ኮነር ትጠይቀኛለች። ስሙን አትይዘውም። «ያ ልጅ ደህና ነው?» ትለኛለች፣ ልክ እንደ ጎረቤት ልጅ። «ደህና ነው» እላታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሦስተኛው ወጣ። እዚህ ሲዲው እስኪደርስ የጠበቅነውን አትጠይቁኝ። ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ተከራየን። ሳራ ሞታለች። በሁለቱ ፊልሞች መካከል፣ እኛ ሳናይ፣ በደም ካንሰር። ልጁ አድጎ ቤት የሌለው ተንከራታች ሆኗል። ያ ቀን ደግሞ አልቀረም፤ የተላለፈ ብቻ ነው ተባልን። መጨረሻው ላይ ሚሳይሎቹ ተተኮሱ። ሲያልቅ ማናችንም አልተናገርንም። አንዱ ጓደኛዬ ሲዲውን አውጥቶ «በቃ ልመልሰው» ብሎ ሄደ።

እኔ የታየኝ ያ የነሐሴ 23 ቀን ነው። ጉሙ፣ በጎቹ፣ ከሰዓት በኋላ የወጣችው ፀሐይ። ሁለተኛው ፊልም የሰው ልጅ ነገ አልተጻፈበትም፣ በእጁ ይሠራዋል ብሎ ነበር። ይህ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ነው። «የተጻፈ አይቀርም» እየተባልን ነው ያደግነው። እማማ ራሷ ሁልጊዜ የምትለው ነው። ያን ዕለት ግን ለአንድ ጠዋት ያህል የተጻፈውም ሊቀር ይችላል ብላ «እሰይ» ብላለች። ከ12 ዓመት በኋላ እናንተ መጥታችሁ አይ፣ አይቀርም አላችሁ።

የዚያን ዓመት ለዕንቁጣጣሽ መንዝ ሄድኩ። «ያ ልጅ ደህና ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። «እናቱስ?» አለች። «አለች» አልኩ። እማማን የዋሸኋት የመጀመሪያው ጊዜ ያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሌላ መጣ። በመካከል የወጡትን እርሱት፣ ይህ ከሁለተኛው ቀጥሎ ያለው እውነተኛ ታሪክ ነው ተባለ። ሊንዳ ሃሚልተን ወደ ሳራ ገጸ ባሕርይ ተመልሳለች። ካሜሩንም በፕሮዲውሰርነት አለበት። የእህቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩት። ሁለተኛውን በቅርቡ አሳይቼው ነበር፣ በአውራ ጣቱ ላይ አልቅሷል። ፊልሙ ተጀመረ። የባሕር ዳርቻ ነው። ልጁ ጆን አለ፣ ያው የልጅነት ፊቱ። በኮምፒውተር መልሳችሁ ሠርታችሁታል። እናቱ አጠገቡ ናት። ከዚያ አንድ ማሽን መጣና ተኩሶ ገደለው። ፊልሙ ከተጀመረ ደቂቃዎች ናቸው።

የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ ያ ሁሉ ለምን ነበር?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

እባካችሁ በደንብ ተረዱኝ። ገጸ ባሕርይ ለምን ሞተ አይደለም የምለው። ሞት ያለበት ታሪክ እንወዳለን። ማሽኑ ራሱ ሞቷል፣ ያንን ፊልም የወደድነውም በሞቱ ነው። እኔን ያመመኝ ሒሳቡ ነው። ሁለተኛው ፊልም የሆነ ነገር ሸጦልን ነበር። ዋጋው የማሽኑ ሕይወት ነበር፣ ዕቃው የልጁ ሕይወት። ከፍለን ወሰድን። እናንተ በ2019 መጥታችሁ ዕቃውን ከእጃችን ወሰዳችሁ። ዋጋውን ግን አልመለሳችሁም። ማሽኑ እንደቀለጠ ቀረ። ልጁም ሞተ። ገበያ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ዳግመኛ ደንበኛ አያገኝም።

ይህ በ«ተርሚኔተር» ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን «ኤሊየንስ» አስታውሱ። ሪፕሊ 57 ዓመት ጠፈር ላይ ተኝታ ትነቃለች። ሁሉም ሰው ካለቀበት ቦታ ኒውት የምትባል አንዲት ሕፃን ታገኛለች። የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ያችን ልጅ ይዞ መውጣት ነው። ታወጣታለች። በ1992 የመጣው ሦስተኛው ሲጀምር ሕፃኗ በተኛችበት ሞታለች። ውኃ ገብቶባት። እኔ ይህንን ካየሁ በኋላ ሁለተኛውን መልሼ ማየት አልቻልኩም። ሪፕሊ ልጅቷን ታቅፋ ስትሮጥ ወዴት እንደምትሮጥ አውቀዋለሁና።

ለምን እንደምታደርጉት ይገባኛል። ከአደጋ የወጣ ቤተሰብ ታሪክ የለውም ብላችሁ ታስባላችሁ። አዲሱ ጸሐፊ ንጹሕ ገጽ ይፈልጋል፣ የቆዩት ሰዎች ያጣብቡታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያጸዳቸዋል። ግን የእናንተው ምርጥ ሥራ ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይቷል። «ተርሚኔተር 2» ራሱ ቀጣይ ክፍል ነው! ከመጀመሪያው የሚበልጥ ቀጣይ ክፍል። ምን አደረገ? ከመጀመሪያው ፊልም ምንም አልሰረዘም። አስተናጋጇ ሳራ አሁን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶባታል። ለምን? እኛ ያየነውን ስላወራች። የአልጋውን ብረት ይዛ ክንዷን ስታጠነክር የመጀመሪያው ፊልም ፍርሃት ሁሉ ክንዷ ላይ ይታያል። ማሽኑን ስታይ የምትርበደበደው እኛም ስለምናስታውሰው ነው። ፊልሙ ያለፈውን ዕዳ እየከፈለ ወደ ፊት ይሄዳል። አዲስ ነገርም አመጣ፤ የትናንቱን ገዳይ ጠባቂ አደረገው። የትናንቱ ግን ውሸት ነበር አላለንም።

ገንዘብ አይደለም ነገሩ። የመጀመሪያው የተሠራው በ6 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ነው። ሁለተኛው 100 ሚሊዮን አካባቢ ፈጅቷል፣ በጊዜው ጉድ የተባለ ገንዘብ። ሁለቱም ልባችንን ወስደውታል። ያ ፖሊስ መስሎ የመጣው፣ እየቀለጠ ቅርጹን የሚለውጠው ማሽን እንኳ በኮምፒውተር የሚታየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቀሪው ተዋናዩ ሮበርት ፓትሪክ ሲሮጥ ነው። ኮምፒውተሩን ረሳን፣ ሩጫውን አልረሳንም።

መጠኑን ማብዛት ግን የእናንተ ትልቅ ልማድ ነው። «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከተሞቹ ላይ የቆሙት መርከቦች ስፋታቸው 24 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህን ሳውቅ በእግሬ ለካሁት። ከደብረ ብርሃን ጫጫን ትንሽ አለፍ ብሎ ማለት ነው። ያንን መንገድ በእግሬ ሄጄበታለሁ። ጥላው ከበላያችን ሆኖ እስከ ጫጫ ድረስ ሲሸፍን ታየኝ። ፈራሁ። በ2016 ቀጣዩ ሲመጣ የመርከቡ ስፋት ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር አደገ። ኢትዮጵያን ከዳር እስከ ዳር ብትዘረጋት አትሞላውም። እንግዲህ ይህን በምን ልለካው? ያልለካሁትን ልፈራው አልቻልኩም። ዋናው ተዋናይ ዊል ስሚዝም አልነበረበትም፣ የገጸ ባሕርዩ ሞት በጎን ተነግሮ አለፈ።

እንቆቅልሹን መፍታትም አለ። «ስታር ዋርስ» ውስጥ ያ ረቂቅ ኃይል ምን እንደሆነ ሳይነገረን ነው የወደድነው። በ1999 የወጣው ፊልም ግን በደም ውስጥ ባሉ ረቂቅ ነገሮች ቁጥር ይለካል አለን። አንድ ሰው ጸሎትህን በሊትር ለካሁት ያለኝ ያህል ነው የተሰማኝ። «ብሌድ ረነር 2049»ን ተመልከቱት። ከመጀመሪያው 35 ዓመት ቆይቶ መጣ። ዋናው ሰውዬ ሰው ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስልን ሄደ። ጥያቄውን ከእኛ አልወሰደም። ለዚያ ፊልሙን የሠራውን ዴኒ ቪልነቭን ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ነገር የሚመለስ ከሆነ ምንም ነገር አያስፈራም። በ2015 የወጣው «ተርሚኔተር» የመጀመሪያውን ፊልም ታሪክ እንዳልነበረ አደረገው። የ2019ኙ ደግሞ የ2015ቱን እንዳልነበረ አደረገው። እኛ ሁሉንም አይተናል። ሲዲ ተከራይተን፣ በፍላሽ ተቀባብለን፣ ካርድ ሞልተን አውርደን። ያንን እርሱት ስትሉን የእኛንም ሌሊቶች አብራችሁ እየሰረዛችሁ ነው። እንደዚህ ሦስት ጊዜ የተነገረው ሰው አራተኛ ጊዜ ልቡን አውጥቶ አይሰጥም።

አንዳንዶች አንተ ነህ ያደግከው፣ የልጅነት ትዝታ ነው ይሉኛል። ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ለዚህ ነው ሁለተኛውን ለእህቴ ልጅ ያሳየሁት። እሱ ቪዲዮ ቤት አያውቅም። ጆንያ የተጋረደበት መስኮት አላየም። ግራፊክሱ እንዳያስቀው ፈርቼ ነበር። አልሳቀም። አውራ ጣቱ ሲነሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም የማውቀው ነገር ነው፣ ዝም አልኩት።

ሌሎች ደግሞ ካልወደድከው አትየው፣ የድሮው አለልህ ይላሉ። እማማ ተረት ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች። ከዚያ ተራው የሰሚው ነው። ተረቱን ሰሚው ይዞት ይሄዳል፣ ለሌላው ይነግረዋል። እኔ የእናንተን ታሪክ መንዝ ድረስ ይዤው ሄጃለሁ። ልጁ ተረፈ ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ በእናንተ ስም። ስለዚህ የድሮው አለልህ ማለት አይበቃም። አሁን ሰው ልጁስ ብሎ ሲጠይቀኝ የማውቀውን አውቃለሁ።

ሳይንስ ፊክሽን በአማርኛ ልትሠሩ ለምታስቡት ወጣቶችም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ከተማችን ውስጥ የዘርዓ ያዕቆብን ብርሃን ታሪክ ለማድረግ የሚጽፉ ልጆች አውቃለሁ። በጣም ደስ ይለኛል። ቦታውም አለን። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ በጉም ገብታችሁ በወዲያኛው አፍ ስትወጡ፣ ከታች ደብረ ሲና ሌላ አየር፣ ሌላ ሙቀት ሆና ትጠብቃችኋለች። በልጅነቴ ዋሻው ጊዜን የሚያሻግር ይመስለኝ ነበር። ጻፉት። ግን «ክፍል 2 ይቀጥላል» የምትለውን ጽሑፍ ከታሪኩ በፊት አታዘጋጁ። መጀመሪያ የጀመራችሁትን ጨርሱት። ክፍል 2 ከመጣም ያ ብርሃን የጠፈር መርከብ ነበር ብላችሁ እንዳትገላግሉን። ብርሃን ሆኖ ይቆይልን።

ወደ እናንተ ወደ ስቱዲዮዎቹ ልመለስ። ባለመብቶቹ እናንተ ናችሁ። ብትፈልጉ ነገ አሥረኛውን መሥራት ትችላላችሁ። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው። የሚወጣበትን ቀን ከማስታወቃችሁ በፊት፣ ደራሲውን ከመቅጠራችሁ በፊት፣ የፊተኛውን ፊልም የመጨረሻ አሥር ደቂቃ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩ። እዚያ ምን እንደተከፈለ እዩ። ከዚያ ያንን የማይነካ ታሪክ ካላችሁ ሥሩት፣ እኔ የመጀመሪያው ተመልካች ነኝ። ከሌላችሁ ይቅር። ስለ አዲስ ልጅ፣ ስለ አዲስ ማሽን ሥሩልን። አዲስ ታሪክ አንፈራም።

እማማ ያረፈችው በ2003 ዓ.ም. ነው። የ2019ኙን ፊልም አላየችም፣ አልሰማችም። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ሳምንት አልጋ ላይ ነበረች። ድምፅዋ ደክሟል። «ያ ልጅ ደህና ነው?» አለችኝ። ሦስተኛውን አይቼዋለሁ። ሳራ እንደሞተች፣ ልጁ ቤት እንደሌለው፣ ሚሳይሎቹ እንደተተኮሱ አውቃለሁ።

«ደህና ነው፣ እማማ» አልኳት። «አድጓል። ትልቅ ሰው ሆኗል። ወልዷል።»

«እናቱስ?»

«አለች። አርጅታለች። የልጅ ልጇን ታጫውታለች።»

«እሰይ» አለች።

ከዓመታት በኋላ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ካሜሩን ለሁለተኛው ፊልም ሌላ መጨረሻ ቀርጾ ኋላ አውጥቶት ነበር። ከፈትኩት። ፀሐይ ነው፣ መናፈሻ ነው። ልጁ አድጎ የሕዝብ እንደራሴ ሆኗል። አንዲት ትንሽ ልጅ ያጫውታል። ሳራ ፀጉሯ ሸብቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ትንሿ ልጅ ወደ አያቷ መጥታ እግሯን ዘረጋች። ሳራ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረችላት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ብርሃን ተመልካች